ለልጄ ወንበር የለም ተባልኩ

የቤተሰብ ገጽ

ልጆችን ሶላት ስለማስለመድ የጀመርነውን ጨዋታ ለሚቀጥለው እናቆየውና፣ ዛሬ ጊዜ የማይሰጥ አንድ ደብዳቤ ይዤ ቀርቤያለሁ። ጊዜ አይሰጥም ያልኩት ምዝገባው ሊዘጋ የቀሩት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ነው።

ደብዳቤው ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣ ነው። ከደብተር መካከል በተገነጠለ ሉክ ላይ በእርሳስ ተጽፎ፣ እህል ጭኖ ወደ ደሴ በወረደ ነጋዴ እጅ ደሴ ደረሰ፤ ከዚያም ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ እኔ ዘንድ ገባ። ጸሐፊው አራሽ ናቸው። ስማቸውንም፣ የቀበሌያቸውንም፣ የትምህርት ቤቱንም ስም እዚህ አላነሳም። ነገሩ የሚጠቅመው ለሰውየው ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ተመሳሳይ ጭንቅ ላለበት ሁሉ ነውና ሐሳቡን እንዳለ ላቅርበው።

የበኩር ልጃቸው ሴት ናት። በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት በአላህ ፈቃድ ከሞት ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን ሄደ። ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ ጮክ ያለላትን ጥቂት ትሰማለች፤ የቀረውን ከሰው ከንፈር ታነባለች። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ታናሽ ወንድሟ ከጎኗ እየተቀመጠ፣ እርሱ የሰማውን እርሷ ከደብተሩ እየገለበጠች እስከ 8ኛ ክፍል ዘለቀች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ እርሷም እንደ እኩዮቿ ቤት ዋለች። በኋላ ተመልሳ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወሰደችና አለፈች። ወንድሟም አለፈ።

አባት ሁለቱንም ይዘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ ወረዱ። ወንዱ ተመዘገበ። የሴቷ ወረቀት ላይ ሲደርሱ ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው አይተው፣ «አባቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎ፤ ግን እኛ ዘንድ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር የለም። ለእሷ የሚሆነው ደሴ ነው፤ ደሴ ይውሰዷት» አሏቸው። በሳምንቱ ተመልሰው ቢሄዱ ደግሞ «ክፍሉ ሞልቷል፤ ወንበር የለም» ተባሉ። ቤት ሲመለሱ ሌላ ወሬ ጠበቃቸው። ለልጅቱ ጠያቂ መጥቷል። ዘመድ አዝማዱም «ይኼው አላህ መንገዱን አሳየሽ ነው፤ ማን ይጠይቃታል ብለን ስንሰጋ ሰው መጣላት» እያለ ነው።

የደብዳቤው መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ «ኡስታዝ፣ ከሹም ጋር መከራከር ወንጀል ይሆንብኛል ወይ? መከራከር ከተፈቀደስ ወዴት ልሂድ? ወይስ ቀደሯ ነው ብዬ ልተወው? እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከወንድሟ ጋር አትነጋገርም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት።

ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሳ። ሐቅን ለመጠየቅ ወደ ሹም መሄድ ወንጀል ቢሆን ኖሮ በቁርኣን ውስጥ «የተከራካሪዋ ሴት» ተብሎ የሚጠራ ምዕራፍ ባልኖረ ነበር። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ.) ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት በጃሂሊያ ልማድ እንደ እናቴ ጀርባ ሁኚብኝ ብሎ ሲያርቃት ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ነገሯን አሰማች። መጀመሪያ የተሰጣት መልስ የፈለገችው አልነበረም። አልተቀየመችም፤ ተነስታም አልሄደችም። ልጆቿን፣ ዕድሜዋን፣ ችግሯን እየዘረዘረች ወደ አላህ አቤት ማለቷን ቀጠለች። በዚያው ቤት ጥግ የነበሩት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንኳ ከንግግሯ ከፊሉን አልሰሙትም ነበር፤ አላህ ግን ከሰባት ሰማያት በላይ ሰምቶ የሱረቱል ሙጃደላን መጀመሪያ አወረደ። በኋላ ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሆነው ሳለ ይህችው ሴት አሮጊት ሆና መንገድ ላይ ስታስቆማቸው፣ ሰዎች እየጠበቋቸው ቆመው ንግግሯን እስክትጨርስ አዳምጠዋታል። ስለዚህ አቤቱታ ውርደትም አመፅም አይደለም። አዳብ ግን አለው፤ እርሱን ወደ ታች እናየዋለን።

ሁለተኛው ነገር ርዕሰ መምህሩን ይመለከታል። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ክፉ ሰው አይመስሉኝም። የተጨናነቀ ክፍል፣ ያነሰ ወንበር፣ ያልተሟላ መምህር ይዘው የሚጨነቁ ሰው ናቸው። ነገር ግን በሱረቱ ዐበሰ የምናነበው ታሪክ የመጣው በክፉ ሰው ላይ እንዳልሆነ እናስታውስ። ከፍጡር ሁሉ በላጭ የሆኑት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ አለቆች ይሰልሙ ይሆናል ብለው በተስፋ ሲያነጋግሩ፣ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) መጥቶ «አስተምረኝ» አለ። እርሳቸው በያዙት ጉዳይ ትልቅነት የተነሳ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ዞር አሉ። ወቀሳ ከሰማይ መጣ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ምጽዋት ሊለምን አልመጣም። ዕውቀት ፈልጎ ነው የመጣው። «አሁን አይመችም» ተባለ፤ አላህም ይህን አልወደደውም። ከዚያ በኋላ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ምን ሆነ? ከቢላል ጋር የመስጊዱ ሙአዚን ሆነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘመቻ ሲወጡም በመዲና ላይ እርሱን ተክተው የወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ዓይን የሌለው ሰው ከተማ አደራ ተሰጠው ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ አማርኛችንም በድሎናል። ጆሮው የማይሰማውንም ዕውቀት የሌለውንም «ደንቆሮ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። (በመካነ ሰላም አቅራቢያ ያለው ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ጥቅጥቅ ያለ ጫካም ስሙ ደንቆሮ ነው፤ ለጫካው ይሁን ግድ የለም።) ልጅ ግን ይህን ቃል ከሰፈር እየሰማች ካደገች፣ ካልሰማችም ከከንፈር እያነበበች ካደገች፣ መዝጋቢውም አባትም ሳያውቁት ጆሮዋ ስለማይሰማ አእምሮዋም አይቀበልም ወደሚል ግምት ይንሸራተታሉ። ልጅዎ ስምንት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ጆሮ ተምራ ፈተና ያለፈች ልጅ ናት። ይህን ያህል የጣረ የሚሰማ ልጅ ስንት አለን?

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ሕጉን ማወቅ ለጠብ ሳይሆን፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በማናቸውም ውሳኔ የሕፃኑ ጥቅም እንዲቀድም ያዛል። በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ይናገራል። በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ይህች አንቀጽ ለእርስዎ ጉዳይ ቁልፍ ናት። ምክንያቱም ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 24 ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ጨምሮ በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከሌሎች ጋር እኩል እንዲማር፣ ለእርሱ የሚያስፈልገው አቅም የሚፈቅደው ማመቻቸትም እንዲደረግለት ያዛል። ከዚያ አስቀድሞ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጉዳት ያለባቸውም ሆኑ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ተናግሯል። በዚያው ዓመት ክረምት ዓለም ሁሉ በስፔን ሳላማንካ ተሰብስቦ፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ልጆችን ሁሉ ሊቀበል ይገባል ብሎ ተስማምቷል።

በሌላው ዓለምም ይህ መብት ያለ ወላጅ ጩኸት አልመጣም። በአሜሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ብዙ ግዛቶች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ከትምህርት ቤት በር ይመልሱ ነበር። መጀመሪያ በፔንሲልቬንያ ወላጆች ተሰብስበው ግዛቱን ከሰሱ፤ ከዚያ ለልጅ ሁሉ ነፃ ትምህርት የሚያዝ ሕግ ወጣ። በእንግሊዝ አገር ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንዲህ ያለውን ክርክር ብቻ የሚሰማ ልዩ ጉባኤ አለ፤ ወላጅ «ልጄ የተመደበበት ትምህርት ቤት አይሆነውም» ብሎ ይግባኝ ይላል። ለንደንና ሚኒያፖሊስ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በር የማንኳኳት ዕድል አላቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ለብቻው የቆመ ጉባኤ የለም። ያለን በር የአስተዳደሩ መሰላል ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ ዞኑ፣ ከዞኑ ወደ ክልሉ። መሰላሉ ረጅም ነው። ያለ ወረቀት የሚወጣው ሰው ግን ከመጀመሪያው እርከን አያልፍም።

እናም ወንድሜ፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ ወርደው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ በእጅዎ ግን አንድ ቁራጭ ወረቀት የለም። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በቃል የተከለከለ ነገር እንዳልተከለከለ ነው። ዞን ቢሄዱ «ማን ከለከለዎት?» ይባላሉ፤ ትምህርት ቤቱ ቢጠየቅ «እኛ አልከለከልንም፣ መከርናቸው እንጂ» ይላል። ሐሰት ሊሆን ነው ማለቴ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ በእርግጥ የመከሩዎት ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ ሲወርዱ በአክብሮት እንዲህ ይበሉ፦ «ጌታዬ፣ ልጄን ልትመዘግቡልኝ ካልቻላችሁ ምክንያቱን በደብዳቤ ስጡኝ፤ ለወረዳው የማቀርበው ነው።» ከዚህ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ደብዳቤውን ይጽፋሉ፣ ወይ ደብዳቤ ከመጻፍ ልጅቷን መመዝገብ ይቀላል ብለው ይመዘግቧታል። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የሚይዙት ሰነድ ብዙ አይደለም። የ8ኛ ክፍል ውጤቷ ከነፎቶ ኮፒው፤ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የተማረችበት ትምህርት ቤት በመደበኛ ክፍል እንደተማረችና ደረጃዋ ስንት እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ፤ የሐኪም ማስረጃ። የሐኪሙን ማስረጃ ከመካነ ሰላም ሆስፒታል ይጀምሩ፤ እነርሱ ካልቻሉ ወደ ደሴ ሪፈር ይጽፉልዎታል። ማስረጃው «አትሰማም» ብሎ ብቻ እንዳያበቃ ሐኪሙን ይለምኑ። በየትኛው ጆሮ ምን ያህል እንደምትሰማ፣ ፊት ለፊት ስትቀመጥና የሚናገረውን ሰው ከንፈር ስታይ መከታተል እንደምትችል ይጻፍ። ይህች አንዲት መስመር ጉዳዩን ትገለብጠዋለች። ትምህርት ቤቱ የፈራው የምልክት ቋንቋ መምህር መቅጠርን ነው። ልጅዎ ግን እስካሁን የምልክት ቋንቋ አልተማረችም፤ የሚያስፈልጋት የፊት ወንበር፣ ወደ ሰሌዳ ዞሮ የማይናገር መምህር፣ ደብተሩን የሚያሳያት ጎረቤት ነው። ይህ ሁሉ ለበጀት ጥያቄ አይቀርብም። (የምልክት ቋንቋን ብትማር ደስ ይለኛል፤ ለእርሱ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ ግን የሚዘጋው ምዝገባው ነው።)

ማመልከቻ ጻፍልኝ ስላሉኝ፣ እንዲገለበጥ አድርጌ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ሌሎች አንባብያንም እንደየጉዳያቸው ሊያስተካክሉት ይችላሉ።

ቀን፦ …………
ለ………… ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የልጄ የ9ኛ ክፍል ምዝገባ እንዲፈጸም ስለመጠየቅ

ልጄ ተማሪ ………… በ………… ዓ.ም. የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወስዳ ያለፈች ሲሆን፣ የመስማት ጉዳት ያለባት መሆኑ በተያያዘው የሐኪም ማስረጃ ተገልጿል። እስከ 8ኛ ክፍል የተማረችው በመደበኛ ክፍል ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ነው። ሆኖም በ………… ቀን በ………… ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ቀርቤ «…………» በሚል ምክንያት ሳትመዘገብ ቀርታለች። ታናሽ ወንድሟ በዚሁ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ሲሆን፣ እስካሁን ትምህርቷን የምትከታተለው በእርሱ ረዳትነት ነው። ወደ ሌላ ከተማ ብትላክ ይህን ድጋፍ ታጣለች፤ ለብቻዋ ቤት ተከራይቼ ለማስተማርም አቅም የለኝም። ስለዚህ በዚሁ ትምህርት ቤት እንድትመዘገብ፣ ከወንድሟ ጋር በአንድ ክፍል እንድትመደብና በፊት ረድፍ እንድትቀመጥ፣ መምህራንም ሁኔታዋን እንዲያውቁ እንዲደረግልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ፊርማ …………
አባሪ፦ ………… ገጽ
ግልባጭ፦ ለወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፤ ለትምህርት ቤቱ

ከዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ላስረዳ። «ከወንድሟ ጋር በአንድ ክፍል» የሚለውን ያስገባሁት የማመልከቻው ልብ እርሱ ስለሆነ ነው። ለጽሕፈት ቤት ሰው «መብቴ ነው» ብቻ ሲሉት ይከላከላል፤ «ይህን ይህን ብታደርጉ ይቻላል» ሲሉት ግን እስክሪብቶውን ያነሳል። «በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የሚለውን ደግሞ እንዳይሰርዙት። በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ በሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርገው ይዘው ይመለሱ። የገቢ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል፤ ማንም አይጠየቅበትም።

ከመውረድዎ በፊት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ሊቀመንበር ያነጋግሩ። ትምህርት ቤቱ ወንበር የሚያሠራው በሕዝብ መዋጮ ስለሆነ «ወንበር የለም» ለሚለው መልስ ያላቸው እነርሱ ናቸው። አንድ ወንበር አሠርተው ይዘው ቢሄዱስ? የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ግን «ክፍሉ ሞልቷል» የሚለው ምክንያት በአንድ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ወረዳው እምቢ ካለ፣ ወይም በቂ ጊዜ ሰጥተውት ዝም ካለ፣ የወረዳውን መልስ ወይም የገቢ ቁጥሩን ይዘው ደሴ ወደሚገኘው የዞኑ ትምህርት መምሪያ ያመልክቱ። ከዚያ በላይ ባሕር ዳር የክልሉ ትምህርት ቢሮ አለ። ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ውጪ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በአዋጅ ቁጥር 210 የተቋቋመው የሰብዓዊ መብት ኮሚሽንም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው። አቤቱታ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቁም። የሕግ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አለመሆኑን፣ ከጉጉፍቱ እስከ አቀስታ፣ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም መኪና የሚቋረጥበት ጊዜ መኖሩን አውቃለሁና፣ ራስዎ መሄድ ካልቻሉ ማመልከቻውን ለሚያምኑት ሰው ውክልና ሰጥተው ይላኩ። ወረዳ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ግን ወረዳ ላይ ይለቅ። ዞን የሚሄደው ሰው መስከረምን መንገድ ላይ ያሳልፈዋል፤ ልጅቷ ግን የምትማረው ክፍል ውስጥ ሲሆን ነው። እንዲያውም አቤቱታው እስኪወሰን «በታዛቢነት ትቀመጥ» ብለው መጠየቅ ይችላሉ።

«ደሴ ይውሰዷት» የተባለውን ሙሉ በሙሉ አልጣለውም። አንዳንድ ልጅ አለ፤ ምንም የማይሰማ፣ ከንፈርም የማያነብ፣ ለእርሱ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ልዩ ክፍል ያለበት ከተማ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሻለዋል። እንዲህ ላለው ልጅ ርቀቱ ተገቢ ዋጋ ነው። የእርስዎ ልጅ ግን እንዲህ አይደለችም። የሴት ልጅ በሰው አገር ቤት ተከራይቶ መኖር፣ ስንቅ መጫን፣ ሲያማት አለመስማቷ ሲጨመርበት፣ ይህን አባት የሚያውቀውን ነገር ለአባት መንገር አያስፈልገኝም።

ይሁን እንጂ ከእርስዎ ደጋ ተነስታ ርቃ የሄደች የአንዲት ልጅ ታሪክ ልንገርዎ። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው በ1974 ዓ.ም. ከቦረና ጋር በምትዋሰነው በአማራ ሳይንት ነው። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። በአገሩ ልማድ እኩዮቿ በልጅነታቸው ሲዳሩ እርሷን የሚጠይቅ አልተገኘም። እናቷና አያቷ ወደ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላኳት። ሁለተኛ ደረጃን አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትከራከር ኖራ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም ታላላቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከሌሎች ጋር ተሸለመች። ሃይማኖቷ ከእኛ ይለያል፤ አገሯ ግን አገራችን ነው። ዓይነ ስውርነቴ ያለ ዕድሜ ከመዳር አዳነኝ ስትል በተለያየ ጊዜ ተናግራለች። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል። አንዲት ልጅ ለመማር ዓይኗ መጥፋት ነበረበት ወይ?

በአዲስ አበባም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ቆይተው፣ በ1994 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. ሲሞቱ ያ ማዕከል ለብዙ ቤተሰብ መጠጊያ ሆኖ ነበር። ከእርስዎ ማዕከል ክፈት አልልም። አንድ ወንበር ብቻ ነው የምንጠይቀው።

ስለ ጋብቻው ጥያቄ አጠር አድርጌ ልናገር። ልጅዎ 18 ዓመት አልሞላትም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባትን በእስራት ይቀጣል። ከሕጉም በፊት ደግሞ ኒካሕ የልጅቱን ፈቃድ ይሻል። «ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» የሚባለውን ነገር የማትሰማ ልጅ ላይ ማዋል ትልቅ በደል ነው፤ ምን እንደተጠየቀች ሳታውቅ ዝም ብትል እንዴት ፈቃድ ይሆናል? ጠያቂው ሰው መልካም ከሆነ ይጠብቃል። የማይጠብቅ ከሆነ ደግሞ ምን እንደፈለገ አውቀነዋል።

ቀደርን በተመለከተ፤ ማጅራት ገትሩ ቀደር ነው። የመዝጋቢው መልስ ግን ነገ ሊቀየር የሚችል የሰው ቃል ነው። ሁለቱን አንቀላቅል። አውሬው በግ ቢወስድብዎ ቀደር ነው ብለው ይታገሳሉ፤ ጎረቤት ቢወስድብዎ ግን ወደ ሽማግሌ ይሄዳሉ እንጂ ቀደር ነው ብለው አይቀመጡም።

ለጀማዓውም አንድ ቃል አለኝ። በወሎ መስጊዶች ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ዓይነ ስውራን ሸኾች ስንት ደረሳ አፍርተዋል! ማንም «ዓይን የለውምና ሐሪማ አይግባ» አላለም። ደረሳው ይመራው ነበር፤ ሰፈሩ ስንቁን ይሰጠው ነበር። ይህ የአባቶቻችን ልማድ ለዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲሆን ለምን ይጠፋል? የቀበሌው ኢማም ከአባትየው ጋር አንድ ቀን ወደ ወረዳው ቢወርዱ፣ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ ጎናቸው ቢቆሙ፣ ከአንድ አራሽ ብቻ የመጣ ወረቀት መሆኑ ይቀርና የሰፈር ጉዳይ ይሆናል። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ኢማም፣ አንድ የኅብረቱ ሊቀመንበር ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን አይሂዱ። ብዙ ሰው ሲሄድ ሹም ይፈራል፤ የፈራ ሹም ደግሞ እሺ አይልም።

አሁን ስለ ልጅቱ። ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እርሷ ምን እንደሆነ አታውቅም ብለው እንዳያስቡ። ከወንድሟ ጋር መነጋገር የተወችው ስላወቀች ነው። ዛሬ ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ መብራት ባለበት ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው፣ ከንፈርዎን እያየች፣ ምን እንደተባሉና ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ይንገሯት። ማመልከቻውን እርሷ ትጻፈው። ከላይ ያሰፈርኩትን ገልብጣ፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ይግባበት። የወረዳው ኃላፊ «ማን ጻፈልዎት?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ይህን ገጽ ለማተሚያ ቤት ልሰጥ ስል ያ ነጋዴ ሌላ መልእክት ይዞ ደረሰ፤ ያኛውን ደብዳቤ በጻፍኩላቸው መልስ ላይ ነው። አባት ሦስተኛ ጊዜ ወርደዋል። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ አልጻፉም፤ አልመዘገቡምም፤ «የወረዳውን ቃል ልስማ» ብለዋል። ማመልከቻው ሰኞ ዕለት ወረዳ ገብቷል፤ ገቢ ቁጥርም አለው። ኢማሙ አብረዋቸው ሄደዋል። ልጅቱ ከወንድሟ ጋር ታርቃለች፤ የ9ኛ ክፍል መጻሕፍቱን አብረው ሸፍነዋል አሉ፤ የሁለቱንም። የሆነውን ሁሉ በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እነግራችኋለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።